የቦሎኛው ሐኪምና የእንቁራሪቷ እግር

የቡለቲናችን አዘጋጆች ከሞተ ብዙ ዘመን ስላለፈው አንድ ታዋቂ ሰው ጻፉ ሲሉን፣ የክፍላችን ልጆች አብዛኞቹ የሮጡት ወደ ደራሲያን፣ ወደ ነገሥታትና ወደ ጦር መሪዎች ነው። እኔ እንቁራሪት ሲበልት የኖረ የጣሊያን ሐኪም መረጥኩ። ጓደኞቼ ሲሰሙ ሳቁብኝ። ይሳቁ! ሉዊጂ ጋልቫኒን የመረጥኩት በክርክር ተሸነፈ ተብሎ ስሙ በየመጽሐፉ ስለሚነሳና የሽንፈቱ ዜና ግን ሲመረመር ጎደሎ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ደግሞም ዛሬ ልዩ ፕላስቲክ ላይ ሴል እያሳደጉ በኤሌክትሪክ የሚያዙ ተመራማሪዎች አሉ። የነሱ ሥራ ሥሩ ሲቆፈር የሚገኘው እዚያው የጋልቫኒ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዓመታቱን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ።

ጋልቫኒ የተወለደው ሴፕቴምበር 9 ቀን 1737 ቦሎኛ ከተማ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ጣሊያን የሚባል አንድ አገር የለም፤ ቦሎኛ የምትተዳደረው በሮማው ሊቀ ጳጳስ ሥር ነበር። አባቱ ወርቅ ሠሪ ነው። ልጁ በወጣትነቱ ልቡ ወደ ገዳም አዘንብሎ ነበር። ቤተሰቡ መክሮ ዘክሮ መለሰውና ሕክምና ተማረ፤ በ1759 ከቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። በ1762 የመምህሩን የጋሌያትሲን ልጅ ሉቺያን አገባ። ልጅ አልወለዱም። ሉቺያ ግን እንደዘመኑ ሴቶች ከጓዳ ሳትወጣ የቀረች አልነበረችም፤ ከአባቷም ከባሏም ሳይንስ የቀሰመች፣ በባሏ ምርምር አብራ የምትቀመጥ ሰው ነበረች። እሱ በዩኒቨርሲቲው አናቶሚ ያስተምራል፣ በከተማው የሳይንስ ተቋም ደግሞ የማዋለድ ሕክምና ያስተምራል። ስለ አጥንት ጽፏል፣ ስለ ወፎች ኩላሊት ጽፏል፣ ስለ ወፎች ጆሮም ጽፏል። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ እኔም ስለ እሱ አልጽፍም፣ እናንተም አታነቡም ነበር።

ያ ዘመን ኤሌክትሪክ እንደ አዲስ ዘፈን የሚወራበት ዘመን ነው። ባትሪ የለም፣ አምፖል የለም። ያለው በእጅ እየተሽከረከረ በመታሸት ብልጭታ የሚሰጥ ማሽንና ኤሌክትሪክን አጠራቅሞ የሚያቆይ የላይደን ጠርሙስ የሚሉት ዕቃ ነው። ይሄ ጠርሙስ ውስጡና ውጭው በብረት ቅጠል ይለበጣል፤ በመሃል ያለው መስታወት ሁለቱን ይለያያል። በውስጥና በውጭ ያለው በሽቦ ሲገናኝ ጠርሙሱ በብልጭታ ይለቃል። ጠርሙሱን እባካችሁ አትርሱት፣ ኋላ እንመለስበታለን። ሐኪሞቹ ደግሞ የራሳቸው ጭቅጭቅ ነበራቸው። አእምሮ እጅን ተንቀሳቀስ ሲለው በነርቭ ውስጥ የሚሄደው ነገር ምንድን ነው? ከጥንት ጀምሮ የተያዘው መልስ በነርቭ ውስጥ ረቂቅ ፈሳሽ ይጓዛል የሚል ነበር። ፈሳሹን ግን ያየው የለም። አንዳንዶች ምናልባት ኤሌክትሪክ ይሆናል ብለው ጠርጥረዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ የሰውነት ፈሳሽ ሁሉ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ከነርቩ ሾልኮ በየቦታው ይፈስ ነበር ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ ተራ አልነበረም።

የእንቁራሪቷ ነገር የተጀመረው እንዴት ነው? ብዙ ጊዜ የሚተረከው ሉቺያ ታማ የእንቁራሪት ሾርባ ሲዘጋጅላት፣ የተገፈፈችው እንቁራሪት በአጋጣሚ ከማሽኑ አጠገብ ተቀምጣ እግሯ ተንፈራገጠ የሚለው ነው። ደስ የሚል ወሬ ነው፣ ለመጽሔት ይመቻል። የጋልቫኒ የራሱ የሙከራ መዝገብ ግን ሌላ ነው የሚናገረው። ከ1780 መጨረሻ ጀምሮ ሆን ብሎ እንቁራሪት እያዘጋጀ በነርቭና በጡንቻ ላይ ኤሌክትሪክ ይሞክር እንደነበር ቀን በቀን ተጽፏል። አጋጣሚው የመጣው ሥራው መሃል ነው፣ በጃንዋሪ 1781። የእንቁራሪቷ የታችኛው አካል ተቆርጦ፣ ቆዳው ተገፎ፣ ሁለቱ እግሮች ከአከርካሪዋ ቁራጭ ጋር በሁለት ነጫጭ የነርቭ ክሮች ብቻ ተንጠልጥለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ማሽኑ ራቅ ብሎ ይገኛል፤ ከእንቁራሪቷ ጋር በሽቦ አልተያያዘም። አንዱ ረዳት በቢላው ጫፍ ነርቩን ነካ ሲያደርገው እግሮቹ በኃይል ተወራጩ። ሌላኛው ታዛቢ ደግሞ ይሄ የሆነው ማሽኑ ብልጭ ባለበት ቅጽበት መሆኑን አስተዋለ።

እኔ በበኩሌ ጋልቫኒን የወደድኩት ከዚህ በኋላ ባደረገው ነው። ገረመኝ ብሎ አልተወውም። ደጋግሞ ሞከረው፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል። ለምን? ቢላው የአጥንት እጀታ ነበረው። እጀታውን ብቻ ይዘው ሲነኩ ምንም የለም፤ ጣታቸው የብረቱን ክፍል ሲነካ እግሩ ይንፈራገጣል። አጥንት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ብረትና የሰው እጅ ግን ያስተላልፋሉ። ይህቺን ትንሽ ልዩነት ለይቶ እስኪያወጣ ድረስ አለመልቀቁ ነው ሰውየውን ሰው ያደረገው።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። በ1786 ጥያቄውን ወደ ደጅ አወጣው። ማሽን ብልጭ ሲል የሚሆነው መብረቅ ሲበርቅስ ይሆናል ወይ ብሎ ከቤቱ ከፍታ ላይ ሽቦ ዘርግቶ ከእንቁራሪቷ ነርቭ ጋር አያያዘው። ሰማዩ ሲያብረቀርቅ እግሮቹም ተንፈራገጡ። እስከዚህ የጠበቀው ነው የሆነው። የዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ግን ያልጠበቀው መጣ። እንቁራሪቶቹን በአከርካሪያቸው በናስ መንጠቆ ወግቶ በረንዳው የብረት አጥር ላይ ሰቀላቸው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ደመና የለ፣ መብረቅ የለ። መጠበቅ ሲሰለቸው መንጠቆውን ወደ ብረቱ አጥር ጫን ሲያደርገው እግሮቹ ተወራጩ። ምናልባት የአየሩ ኤሌክትሪክ ይሆናል ብሎ ቤት ውስጥ አስገባና በተዘጋ ክፍል በብረት ሰሌዳ ላይ ሞከረው። እዚያም ያው። ብረቱን በሌላ ዓይነት ብረት ሲቀይረው መንፈራገጡ ይበረታል ወይም ይደክማል፤ በመስታወትና በእንጨት ሲሞክረው ደግሞ ጭራሽ የለም።

ከዚህ ምን ተረዳ? ማሽኑም መብረቁም ከሌለ ኤሌክትሪኩ ያለው እንስሳዋ ውስጥ ነው አለ። እያንዳንዱ የጡንቻ ክር እንደ ትንሽ የላይደን ጠርሙስ ነው፤ ውስጡና ውጭው የተለያየ ኤሌክትሪክ ይዟል፣ ነርቩ ደግሞ ከውስጥ የሚወጣ ሽቦ ነው፤ ብረቱ ሁለቱን ሲያገናኝ ጠርሙሱ ይለቃል። ስሙንም የእንስሳት ኤሌክትሪክ አለው። ከበረንዳው በኋላ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ በ1791 በላቲን ቋንቋ በቦሎኛው ተቋም ጥራዝ ላይ አሳተመው። ከመጀመሪያው መንፈራገጥ እስከ ኅትመት አሥር ዓመት መሆኑ ነው! የቤት ሥራ በማስረከቢያው ዋዜማ ሌሊት ለምንጽፈው ለኛ ይሄ ይከብዳል። ሉቺያ ጽሑፉ ሲወጣ በሕይወት አልነበረችም።

ጽሑፉ እንደወጣ በየአገሩ እንቁራሪት ተወደደች። ካነበቡት አንዱ የፓቪያው ፕሮፌሰር አሌሳንድሮ ቮልታ ነው። ቮልታ ሐኪም አይደለም፣ የፊዚክስ ሰው ነው፤ ጥቃቅን ኤሌክትሪክ በመለካት የሚስተካከለው አልነበረም። በ1792 መጀመሪያ ሙከራውን ደገመውና አመነ፣ አደነቀ። ብዙም ሳይቆይ ግን ተጠራጠረ። ለምንድን ነው ሁለት የተለያየ ብረት ሲሆን የሚበረታው? ምላሱን በቆርቆሮ ቅጠልና በብር ሳንቲም መሃል አድርጎ ሁለቱን ሲያነካካቸው ኮምጠጥ ያለ ጣዕም ተሰማው። እንግዲህ ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከሁለቱ ብረቶች መገናኘት ነው፤ እንቁራሪቷ ኤሌክትሪኩን የምትናገር መሣሪያ እንጂ ምንጭ አይደለችም አለ። የአውሮፓ ሊቃውንት ለሁለት ተከፈሉ።

ጋልቫኒ መልስ የሰጠው በ1794 ነው፤ እሱም ስሙን ሳይጽፍ ባወጣው መጽሐፍ። የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝና ስም የሌለው ጽሑፍ ሳይ ጆሮዬ ይቆማል። ደራሲው ማን እንደሆነ ለወዳጅም ለጠላትም የተሰወረ ባይሆንም፣ ፊት ለፊት መሟገት የማይወድ ሰው እንደነበር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ሙከራ ግን ድምፁ ትልቅ ነው። ብረት የሚባል ነገር አስወገደ። የተቆረጠውን ነርቭ ጫፍ አንስቶ በራሷ በእንቁራሪቷ ጡንቻ ላይ ጣል አደረገው፤ እግሩ ተንፈራገጠ። ብረት ከሌለ የብረት ኤሌክትሪክ ከየት መጣ? ቮልታ ወደኋላ አላለም፤ ነርቭና ጡንቻም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ መገናኘታቸው ይበቃል ሲል መለሰ። በ1797 ጋልቫኒ ይቺንም በር ዘጋት። የሁለቱን እግሮች ነርቮች ለየብቻ አውጥቶ አንዱን ነርቭ በሌላው ነርቭ ላይ አሳረፈው። አሁን የተገናኙት አንድ ዓይነት ነገሮች ናቸው፤ እግሩ ግን ተንፈራገጠ። ዛሬ የነርቭ ሳይንስ ሰዎች የሙያችን መሠረት ከሚሏቸው ሙከራዎች አንዱ ይሄ ነው።

ለመሆኑ ማን ትክክል ነበር? ሁለቱም። በረንዳው ላይ ናሱና ብረቱ በእርጥቡ ሥጋ ውስጥ ተገናኝተው እውነትም ኤሌክትሪክ አመንጭተዋል፤ በዚህ ቮልታ አልተሳሳተም። ነርቩና ጡንቻው ደግሞ የራሳቸው ኤሌክትሪክ ነበራቸው፤ በዚህ ጋልቫኒ አልተሳሳተም። እያንዳንዱ የነርቭ ሴል በስስ ቅባታማ ሽፋን ተከቦ፣ በውስጡና በውጭው መካከል 70 ሚሊቮልት ያህል ልዩነት ይዞ ይኖራል። የላይደኑ ጠርሙስ አልሆነላችሁም? ሆጅኪንና ሃክስሊ በ1952 ከስኩዊድ ነርቭ ላይ ለክተው ያስረዱት፣ ይሄ ልዩነት የሚለቀው የሶዲየምና የፖታሲየም አዮኖች በሽፋኑ በኩል ሲገቡና ሲወጡ ነው። በጥንቱ ክርክር ኤሌክትሪክ ሆኖማ ሾልኮ ይፈስ ነበር ላሉት መልሱ ያ ቅባታማ ሽፋን ነው። ጋልቫኒም ነርቩን አንድ ዘይት መሰል ነገር ሳይከልለው አይቀርም ብሎ ገምቶ ነበር።

ከዚህ ላይ አንባቢን ይዤ ሁለት መቶ ዓመት ልዝለል። በረንዳው ላይ የተገናኙት ብረትና ሥጋ እስከዛሬ በደንብ አልተግባቡም። በብረት ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚሄደው በኤሌክትሮን ነው፤ በሰውነት ውስጥ የሚሄደው በጨዋማ ውኃ ላይ በሚንሳፈፉ አዮኖች ነው። ሁለት ቋንቋ ነው። ሐኪም የብረት ሽቦ ነርቭ ውስጥ ሲተክል ድንበሩ ላይ አስተርጓሚ የለም፤ ኤሌክትሪኩ ከበዛ ብረቱ ይበላል፣ ሥጋውም ይጎዳል። ደግሞ ብረት ደረቅ ነው፣ ነርቭ ለስላሳ ነው።

አስተርጓሚው የመጣው ካልተጠበቀ ወገን ነው፣ ከፕላስቲክ። ሁላችን የምናውቀው ፕላስቲክ የሽቦ ልባስ ነው፤ ኤሌክትሪክ እንዳይዘን የሚጠብቀን። እንደ ጋልቫኒ ቢላ የአጥንት እጀታ ማለት ነው። በ1977 ግን ሺራካዋ፣ ማክዲያርሚድና ሂገር የተባሉ ሦስት ሳይንቲስቶች ከባልደረቦቻቸው ጋር ፖሊአሴቲሊን የሚባል ፖሊመር በአዮዲን ሲታከም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ በሚሊዮኖች እጥፍ እንደሚጨምር አሳዩ። በ2000 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ነው። የዚሁ ቤተሰብ የሆነው ፖሊፒሮል ደግሞ ሴል የሚቀበለው ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ፖሊመር ኤሌክትሮንም ያሳልፋል፣ አዮንም ወደ ውስጡ ያስገባል ያስወጣል።

በ1994 ጆይስ ዎንግ፣ ሮበርት ላንገርና ዶናልድ ኢንግበር አሜሪካ ውስጥ ያሳተሙት ሙከራ እንዲህ ነው። ስስ የፖሊፒሮል ንጣፍ ሠሩ፣ ሴል የሚይዝበትን ፋይብሮኔክቲን የሚባል ፕሮቲን ቀቡት፣ ከላዩ ከላም ትልቅ የደም ሥር ውስጠኛ ገጽ የተወሰዱ ሴሎች ዘሩበት። ንጣፉ እንደነበረ ሲተው ሴሎቹ ተጣብቀው፣ እጅና እግራቸውን እንደዘረጋ ሰው ተንጣለው አደጉ። ንጣፉ ላይ ቮልቴጅ አድርገው ኤሌክትሮን ሲጨምሩለት ሴሎቹ ክብ ሆነው ተሰበሰቡ፣ ለመባዛት የሚያስፈልጋቸውን ዲኤንኤ መሥራታቸውም ቀነሰ። አልሞቱም። መድኃኒት አልተጨመረም፣ በቢላ አልተነኩም። የተለወጠው የተቀመጡበት ንጣፍ የኤሌክትሪክ ሁኔታ ብቻ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1997 ደግሞ ክሪስቲን ሽሚትና ባልደረቦቿ የነርቭ ጠባይ ያላቸውን የአይጥ ሴሎች በዚሁ ፖሊፒሮል ላይ አሳድገው በንጣፉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፉ፣ ከሴሎቹ የሚወጡት ክሮች ኤሌክትሪክ ካላገኙት ሁለት እጥፍ ለመሆን ጥቂት ሲቀረው ረዘሙ። የተቆረጠ ነርቭ ጫፍና ጫፉን እንዲፈላለግ የሚመራ ቱቦ ለመሥራት ያሰቡት ለዚህ ነው። ፔዶት የሚባለው ሌላኛው ፖሊመር ደግሞ አንጎል ውስጥ በሚገቡ የብረት ሽቦዎች ጫፍ ላይ ሲቀባ፣ የነርቩ ድምፅ ጠርቶ እንዲሰማ ያደርጋል። ችግር የለበትም አልልም። ቅቡ ከብረቱ ላይ ሊላጥ ይችላል፣ በሰውነት ውስጥ ዓመታት መቆየቱም ፈተና ነው። ግን ሴል በኤሌክትሪክ የሚታዘዘው ቀድሞውኑ የኤሌክትሪክ ፍጡር ስለሆነ ነው፤ ቦሎኛ ላይ የተባለውም ይሄው ነበር።

ወደ ሰውየው እንመለስ። የነርቭ ለነርቭ ሙከራው በታተመበት በ1797 የናፖሊዮን ቦናፓርት ጦር ሰሜን ጣሊያንን ይዞ የሲዛልፒን ሪፐብሊክን አቁሟል። በኤፕሪል 1798 አስተማሪዎች ሁሉ ለአዲሱ መንግሥት እንዲምሉ ታዘዘ። ጋልቫኒ አልምልም አለ። በፍራንቼስካውያን ሥርዓት የታቀፈ አጥባቂ ካቶሊክ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንን ለሚጋፋ መንግሥት መማል ሕሊናው አልፈቀደለትም። የሚገርመው በሳይንስ ክርክር ስሙን የደበቀ ሰው እዚህ ላይ በአደባባይ እምቢ ማለቱ ነው። ማስተማሩ ቀረ፣ ደመወዙም ቆመ። ሚስት የሌለው፣ ልጅ የሌለው፣ ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ወንድሙ ቤት ገብቶ ተቀመጠ። ወዳጆቹ ተሯሩጠው መንግሥት ያለ መሐላ መብቱን ሊመልስለት ወስኖ ነበር፤ ውሳኔው ሥራ ላይ ሳይውል ዲሴምበር 4 ቀን 1798 ሞተ። የተቀበረው እዚያው ቦሎኛ በኮርፐስ ዶሚኒ ቤተ ክርስቲያን፣ ከሉቺያ ጋር ነው።

በመጋቢው ዓመት ቮልታ የዚንክና የብር ሰሌዳዎችን በጨው ውኃ የራሰ ካርቶን እያስገባ ደራረበና የመጀመሪያውን ባትሪ ሠራ፤ በ1800 ለለንደን ሮያል ሶሳይቲ አሳወቀ። የሽንፈቱ ዜና የተጻፈው ያን ጊዜ ነው። ባትሪው በየአገሩ ሲዞር የነርቭ ለነርቭ ሙከራ ተረሳ፤ ነርቩና ጡንቻው ኤሌክትሪክ እንዳላቸው እንደገና እስኪለካ እስከ 1840ዎቹ ድረስ መጠበቅ ነበረበት። ናፖሊዮን በ1801 ቮልታን ፓሪስ ጠርቶ ሸለመው። የሚያስቀው ግን ቮልታ ያንን ድርድር ሲሠራ በዓይነ ኅሊናው የያዘው ኤሌክትሪክ የሚለቅ የባሕር ዓሣ አካልን ነው፤ ጋልቫኒም በ1795 አድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ ወርዶ ያጠናው ያንኑ ዓሣ ነበር። የጋልቫኒ የእህቱ ልጅ ጆቫኒ አልዲኒ የአጎቱን ስም ይዞ አውሮፓን ዞረ። በ1803 ለንደን ውስጥ በስቅላት የተቀጣ ሰው ሬሳ ላይ ባትሪ አገናኝቶ መንጋጋው ሲንቀሳቀስና አንድ ዓይኑ ሲገለጥ ለሕዝብ አሳየ። አጎቱ ቢያይ ምን ይል እንደነበር አላውቅም፤ በእኔ ግምት ዝም ብሎ ይወጣ ነበር።

ቦሎኛ ለልጇ ሐውልት ያቆመችው በ1879 ነው። በስሙ በተሰየመው አደባባይ ላይ፣ ከጥንቱ የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ አጠገብ ይገኛል። የቆመው ጋልቫኒ ወደ ሰማይም ወደ ሕዝቡም አያይም። በእጁ የያዘው ሰሌዳ ላይ አጎንብሷል፤ ሰሌዳው ላይ እንቁራሪቷ አለች።